የሕዝብ ቁጥርና የጉዞ ሰዓት፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት አደረጃጀት ከሸርቆሌ አንጻር



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። የአንድ ጤና ኬላ የአገልግሎት ክልል መወሰን ያለበት በሕዝብ ቁጥር ነው ወይስ በጉዞ ሰዓት?

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር መስፈርቱ ግልጽ ነበር። በየቀበሌው አንድ ጤና ኬላ፣ በየኬላው ሁለት ደመወዝ የሚከፈላቸው ባለሙያዎች፣ ለአንድ ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፤ አምስት ኬላዎች ደግሞ በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር። ይህ አደረጃጀት ክትባትንና የቤተሰብ ምጣኔን ወደ ገጠሩ ደጃፍ ማድረሱ አይካድም። ሆኖም በደጋው ተጠጋግተው የሰፈሩ 5,000 ሰዎችና በሸርቆሌ ቆላ ተራርቀው የሚኖሩ 5,000 ሰዎች እኩል የሚሆኑት በወረቀት ላይ ብቻ ነው።

የልዩነቱን ዋጋ ወባ ታሳየናለች። የታመመ ሕፃን ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ማግኘት እንዳለበት እናስተምራለን። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ግን ትኩሳቱ እቤት ውስጥ ሲነሳ ነው። ወንዝ በሞላበት፣ ኬላው በተዘጋበት ወይም መድኃኒቱ ባለቀበት ቀን ያ ጊዜ በመንገድ ላይ ያልቃል።

በሸርቆሌ ስም የሚጠራው የስደተኞች መጠለያ ጣቢያም ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሱዳን የተሰደዱትን ያስተናግዳል። የወባ ትንኝ ስደተኛንና ነባር ነዋሪን አትለይም። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኞች በሀገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ይህ መብት ሥራ ላይ የሚውለው የወረዳው የመድኃኒትና የሰው ኃይል ዕቅድ ሁለቱንም ሕዝብ አንድ ላይ ሲቆጥር ነው።

እስከ 2027 ዓ.ም. የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ማሻሻያ ፍኖተ ካርታ ጤና ኬላዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መሆናቸው እንዲቀር በር ከፍቷል፤ ከፊሎቹ ሰፋ ያለ አገልግሎት ይሰጣሉ፣ ሌሎቹ በመሠረታዊው ይወሰናሉ፣ ለጤና ጣቢያ የቀረቡት ከጣቢያው ጋር ይዋሃዳሉ። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ይህን ምድባ የሚመለከት ነው። አንደኛ፣ ሰፊውን አገልግሎት የሚሰጠው ኬላ በክረምት የጉዞ ሰዓት ተለክቶ ይመረጥ። ሁለተኛ፣ ሩቅ ኬላዎች መንገድ ከመዘጋቱ በፊት የክረምቱን መድኃኒት ይረከቡ። ሦስተኛ፣ በምልመላ ወቅት በርታኛ ለሚናገሩ የአካባቢው ወጣቶች ቅድሚያ ይሰጥ።

በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ወጪው እንደሚጨምር አውቃለሁ። ይሁንና ዛሬም ቢሆን ወጪው አልቀረም፤ የታመመ ልጇን አዝላ የምትጓዘው እናት እየከፈለችው ነው። ስለዚህ ለመመረቂያ ጥናት ወደ መስክ የምትወጡ ተማሪዎች፣ የኬላውን መዝገብ ከመግለጣችሁ በፊት ከሩቁ መንደር ተነሥታችሁ እስከ ኬላው በእግር ሂዱና ሰዓቱን መዝግቡ። የዕቅዱ የመጀመሪያ አኃዝ እሱ ይሁን።