የአንኮበር የጠመንጃ ሒሳብ
በተወሰነ ገንዘብ የሩቅ ጠመንጃ ስለ መምረጥ የቀረበ ንግግር




የዛሬው ርእስ ከድልድይና ከግድብ የራቀ ይመስል ይሆናል። በመሠረቱ ግን መሐንዲስ በየቀኑ የሚገጥመው ጥያቄ ነው፤ ገንዘቡ ጥቂት፣ ፍላጎቱም ብዙ ሲሆን ምን ይገዛል? ለሩቅ የሚተኮስ የአደን ጠመንጃ ለመግዛት የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የጠመንጃውን ዋጋ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የመጀመሪያው ሊሆን አይገባውም። ጠመንጃ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ጥይት ግን ጠመንጃው እስካለ ድረስ ይገዛል። ይህን ነገር ከመጽሐፍ ይልቅ ከገበያ ለመማር ለሚፈልግ ሰው ከሰሜን ሸዋ ከአንኮበር የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ ያለፈው ምዕት ዓመት ከመግባቱ በፊት የጠመንጃ ሻጮች ወደዚያ አምባ ይወጡ ነበርና።

በ1833 ዓ.ም. ክረምት የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሐሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካመጣቸው ስጦታዎች መካከል 300 ጠመንጃዎች ይገኙ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር የባሩድ መፍጫ አምጥቶላቸዋል። ከሁለቱ ስጦታዎች የትኛው ይበልጥ ነበር ቢባል፣ ለመሐንዲስ ዓይን መፍጫው ሳይበልጥ አይቀርም። ለባሩድ የሚያስፈልገው ድኝ ከአንኮበር ቁልቁል በአፋር ቆላ ከሚገኘው ከዶፋን ተራራ ይመጣ ነበር፤ ከሰሉም ከደጋው እንጨት ይገኛል። በአፈሙዙ ባሩድና እርሳስ የሚጎርስ ጠመንጃ እንግዲህ ምግቡን ባብዛኛው ከአገሩ ያገኛል ማለት ነው። ስለዚህ በኋለኛው ዘመን ሸዋ ያረጀ ጠመንጃ ይገዛ ነበር እያሉ የሚያቃልሉ ጸሐፊዎች የሒሳቡን ግማሽ ብቻ አይተዋል።

ግማሹ ግን እውነት ነው። በቅኔው የታወቀው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ ለንግድ በተሰማራበት በ1878 ዓ.ም. ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ነገሩን ሳይሸፍን ገልጾታል። ወደ ሸዋ የሚወስዳቸው ጠመንጃዎች ከአርባ ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ፣ በሊዬዥና በፈረንሳይ አሮጌ መሣሪያ ሻጮች ዘንድ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጡ ነበሩ፤ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጡት ግን በ40 ፍራንክ ገደማ ነው። ነጋዴው በልቶ ጠገበ እንዳይባል የመንገዱ ወጪ ከባድ መሆኑንም እዚያው ጽፏል። ከታጁራ ተነሥቶ የበረሃውን መንገድ አቋርጦ አንኮበር የደረሰው በ1879 ዓ.ም. በጥር ማለቂያ ነው፤ ጉዞው አራት ወር ገደማ ፈጅቶበታል። የንግድ ጓደኛው ላባቱ ከመነሣታቸው በፊት ሞቶበታል። አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ የሉም፤ እንጦጦ ወርዶ ቢጠብቃቸው ከጨለንቆ ድል በኋላ በሐረር የተማረከ መድፍና ጥይት አስጭነው ገቡ። በዚያች ሰዓት የአሮጌ ጠመንጃ ዋጋ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ሁለት ሺሕ ያህሉን ጠመንጃ ከነጥይቱ በጥቅል በ14,000 የማርያ ቴሬዛ ብር ወሰዱት፤ ከዚያም ላይ የላባቱ ዕዳ ተቀነሰ። ገዢው የሚገዛውን የሚያውቅ ሰው ነበር።

ክፍያው ከየት ይመጣ እንደነበር ሳይጠቀስ ማለፍ አይገባም። ወደ ጠረፍ የሚወርደው ዕቃ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዝባድ ነበር፤ በዚያው መንገድ ባሮችም ይነዱ ነበር። ጠመንጃው በዝሆን ጥርስ ይገዛል፣ ዝሆኑም በጠመንጃ ይገደላል።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። በአማርኛ «ውጅግራ» የሚባለው የፈረንሳይ «ፉዚ ግራ» በፈረንጅ አቆጣጠር የ1874 ሞዴል ሲሆን ካሊበሩ 11 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱም 4.2 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አንዱ ጥይት ወደ 44 ግራም ይመዝናል። ይህም ማለት መቶ ጥይት ከጠመንጃው ከራሱ ትንሽ ይከብዳል። ለአንድ ጠመንጃ አራት መቶ ጥይት የሚልክ ነጋዴ ግመሉን የሚጭነው በጠመንጃ ሳይሆን በጥይት ነው፤ የበረሃው ኪራይ፣ ቀረጡና ጥበቃው ሁሉ የሚታሰበው በዚያ ነው። ጥይት በየገበያው እንደ ዝርዝር ገንዘብ ማገልገሉ የሚያስገርመው ይህን ሒሳብ ያልሠራውን ሰው ብቻ ነው። ባሩዱ በአገር ይፈጫል፣ እርሳሱ ይቀለጣል፤ የነሐሱን ቀለህ ግን አንኮበር አይሠራውም።

ታዲያ «ሩቅ» ማለት ምን ያህል ነው? የውጅግራ 25 ግራም እርሳስ ከአፈሙዙ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ፍጥነት ይወጣል። የአየሩ መቋቋም ተትቶ ቢሰላ 300 ሜትር ለመድረስ ሁለት ሦስተኛ ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ 2 ሜትር ከ18 ሴንቲ ሜትር ይወድቃል። በሴኮንድ 700 ሜትር የሚወጣ ባለ ጭስ አልባ ባሩድ ጥይት በዚያው ርቀት የሚወድቀው 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ማነጣጠሪያው ከተስተካከለ ውድቀቱ ራሱ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው የሰው ግምት ነው። አዳኙ 300 ሜትር ብሎ የገመተው ድኩላ 350 ሜትር ላይ ቢሆን፣ ውጅግራው ከታለመበት ነጥብ 42 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል፤ ፈጣኑ ጥይት ግን 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ይላል። የመጀመሪያው እግር ሰብሮ እንስሳውን በገደል ያሰቃያል፣ ሁለተኛው ምናልባት ከደረቱ አይወጣም። አየሩ ሲጨመር ልዩነቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። በገንዘብ የሚገዛው ርቀት እንግዲህ ይህ ነው፤ ለግምት ስሕተት የሚተርፍ ስፋት። በማስታወቂያ ላይ እንደሚጻፈው አንድ ሺሕ ሜትር መድረስ አይደለም፤ ውጅግራም በማነጣጠሪያው ላይ ከሺሕ ሜትር በላይ የሚል ቁጥር ተቀርጾበት ነበር።

ይሁንና ቆላ ወርዶ ዝሆን ለሚገድለው የዚያ ዘመን አዳኝ ይህ ሁሉ ትርፍ ነገር ነበር። እሱ የሚቀርበው በጥቂት ርምጃ ነው፤ የሚፈልገውም ከባድ እርሳስ ነው። ዓይን ብዙ የሚያይባት አገር የአንኮበር ገደል አፋፍ ናት። እዚያም ቢሆን ቁልቁል ለሚተኩስ ሰው ሌላ ጉዳይ አለ፤ የመሬት ስበት የሚቆጠረው በአግድም ርቀት ነውና በ30 ዲግሪ ቁልቁለት 300 ሜትር የሚመስለው ዒላማ እንደ 260 ሜትር ነው የሚታሰበው። ይህን ያልተማረ ሰው ሁልጊዜ በላዩ ያሳልፋል፤ ከዚያም ጠመንጃውን ይረግማል።

የጥይትን ሒሳብ ችላ ማለት የማይችለው ድኻ ገዢ ብቻ አለመሆኑን ከሸዋ ሩቅ የሆነ አንድ ምሳሌ ያሳያል። ኢጣሊያ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1891 ጀምሮ 6.5 ሚሊ ሜትር ፈጣን ጠመንጃ ነበራት። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተሰለፈው እግረኛዋ ግን በብዛት የያዘው አሮጌውን 10.35 ሚሊ ሜትር ቬተርሊ ነበር፤ የቅኝ ግዛቱ ወታደሮችና የጥይት ክምችቱ በዚያው ካሊበር ስለነበሩ ነው። የተሻለው ጠመንጃ በመጋዘን ቀረ፣ ጥይቱ ያለው ጠመንጃ ዘመተ። የኢትዮጵያ ሠራዊት በበኩሉ ውጅግራ፣ ረሚንግተንና ሌላም ሌላም የተቀላቀለበት መሣሪያ ይዞ ነበርና የጥይት አቅርቦቱ ከባድ ሥራ እንደነበር ማሰብ ይቻላል።

ዛሬ የጠመንጃ ፍላጎት ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያልፈው በሕግ በር ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ አደንም የራሱ ፈቃድ አለው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የመንዝ ጓሳ የአደን ሜዳ አይደለም። ፈቃዱን ያገኘ ሰው ከያዘው ገንዘብ ከግማሽ የበለጠውን ለጠመንጃው ባያውል ይሻለዋል። አዲስ የወጣ ብርቱ ካሊበር ከመምረጥ በየአገሩ በብዛት የሚሠራውን፣ ለምሳሌ 7.62 በ51 ሚሊ ሜትሩን፣ መምረጥ ያዋጣል፤ ለአደን በተለመደው ርቀት የሚጎድለው ነገር የለም። ያገለገለ ጠመንጃ ነውር አይደለም። የሚመረመረው ሰደፉ ማማሩ ሳይሆን የቧንቧው ውስጥ ጥምዝ መስመር አለመበላቱ፣ አፈሙዙ አለመጎዳቱና ቃታው ሳያንገራግር መሳቡ ነው። ከቀረው ገንዘብ ለማነጣጠሪያ መነጽር ይታሰባል፤ ርካሽ መነጽር በውድ ጠመንጃ ላይ መግጠም በተሰነጠቀ መሠረት ላይ ፎቅ እንደ መሥራት ነው። የተረፈው ሁሉ ለልምምድ ጥይት ነው።

በመጨረሻም ደብረ ብርሃን ላይ ጠመንጃ ለሚያስተካክል ሰው አንድ ማሳሰቢያ ይቀራል። በ2,800 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ጥይቱ ፍጥነቱን በቶሎ አያጣም። በዚያ ብርድ የተስተካከለው ማነጣጠሪያ አዋሽ ቆላ ሲወረድ በወፍራሙ አየር ምክንያት ለሩቅ ዒላማ ዝቅ ብሎ ይመታል፤ ሙቀቱ ደግሞ የባሩዱን ግፊት ስለሚጨምር ከፊሉን ይመልሰዋል። ምን ያህሉን እንደሚመልስ ወረቀት ላይ ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም። ቆላው ላይ እንደ ደረሱ፣ ከአደኑ በፊት፣ በታወቀ ርቀት ላይ አምስት ጥይት መተኮስ ያስፈልጋል። እነዚያም አምስት ጥይቶች ከመነሻው በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለባቸው።