በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም
(ልደታ ውስጥ ለተሰበሰቡ ነዋሪዎችና የጤና ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)



እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ጋዜጠኛ ነኝ። ሥራዬ መጠየቅ ነው። «ጥናት ምን ይፈይድልናል? እኛ የምንፈልገው መድኃኒትና ሐኪም ነው» የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። እውነቱን ነው፤ የታመመ ሰው ወረቀት አይውጥም። ነገር ግን የሚውጠው ኪኒን ይሠራል አይሠራም ብሎ የሚነግረን ያው ወረቀት ነው።

ወባን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1998 ለአደገኛው የወባ ዓይነት በክሎሮኪን ፈንታ ፋንሲዳር እንዲሰጥ ተወሰነ። በ2003 በተለያዩ ቦታዎች ሲጠና ፋንሲዳር ከወሰዱት ሦስት ሰዎች አንዱን ያህል በቅጡ እንደማያድን ታወቀ። ያ ዓመት ደግሞ ወባ አገሩን ያጥለቀለቀበት ነበር። በ2004 መመሪያው ተለውጦ ኮአርተም ገባ። ጥናቱ ባይኖር ኖሮ ድሃው ገበሬ የማያድን ኪኒን እየዋጠ «ዕድሌ ነው» ብሎ ይሞት ነበር። ጥናቱ ቀደም ብሎ ቢመጣስ ኖሮ? ስንቱ ይተርፍ ነበር? መልሱን ለእናንተ ልተወው።

አሁን ደግሞ ወደ እንዶድ ልውሰዳችሁ፤ እናቶቻችን ነጠላ ወደሚያጥቡበት እንዶድ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እዚያው አድዋ ላይ ለአምስት ዓመት ተሞከረ፤ ከትናንሽ ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ግን ምን ይሆናል! «ውጭ አገር ቤተ ሙከራ በድጋሚ ይረጋገጥ» እየተባለ ዓመታት ባከኑ። እሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ከስዊድን ተቀበሉ። እኛስ? በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ወገኖቼ፣ ከሁሉ የሚብሰው ግን መደበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ይቺው አዲስ አበባችን በ«አተት» ተመታች። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት መሆኑ ነው። ባለሥልጣኖቻችን ኮሌራ የሚለውን ስም እንደ እሳት ሸሹት። በ2019 ነው ወረርሽኙ ኮሌራ ተብሎ በይፋ የተነገረው። ስሙ ያልተነገረውን በሽታ ሕዝብ እንዴት ይጠንቀቀው? ተመራማሪውስ በምን ስም ይቁጠረው?

ጥቁር አንበሳ እዚሁ ልደታ ውስጥ ነው። ተማሪዎቹ በየዓመቱ የመመረቂያ ጥናት ይጽፋሉ። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ደረሰ? ስንቱስ መደርደሪያ ላይ ቀረ?

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ በእኛ ደምና ሽንት የተሠራ ጥናት ውጤቱ በአማርኛና በየቋንቋችን ይነገረን። ሁለተኛ፣ መመሪያ ሲወጣ በየትኛው ጥናት ላይ እንደቆመ አብሮ ይገለጽ። ሦስተኛ፣ ቁጥር ለሹም ደስታ ሲባል አይቀነስ፣ አይጨመር።

ይህን መጠየቅ ፖለቲካ ነው የሚለን ካለ፣ ይሁን። የልጆቻችን ጤና ፖለቲካ ካልሆነ ሌላ ምን ፖለቲካ አለ?