የጣና ዓሦች ወደ ጅረት ሲወጡ
(በ12ኛ ክፍል ተማሪ በበዓሉ ቀን የተደረገ ንግግር)



በዚህ በታላቅ በዓላችን ቀን ስለ አንድ አጭር ጉዞ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ አስቀድሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ጉዞው የተደረገው ወደ ጉማራ ወንዝ ነው። የሄድንበትም ምክንያት የጣና ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ደጋው ጅረት ሲገሠግሥ በዓይናችን ለማየት ነበር።

የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ሲሆን ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በገበያ የምናውቃቸው ዓሦች ሦስት ናቸው፤ ቆሮሶ፥ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ነገር ግን ነጭ ዓሣ እያልን በአንድ ስም የምንጠራው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሊቃውንት መርምረው 15 ዓይነት ለይተዋል። ከእነርሱም አብዛኞቹ በሌላ አገር ፈጽሞ አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ቁመቱ 40 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ሐይቁ ሊወጣ አይችልም፤ ስለዚህ የጣና ዓሦች ለብቻቸው ተዋልደው ልዩ ልዩ መልክ ያዙ። 8ቱ ዓሣ በሊታዎች ናቸው፤ የሚያስደንቀው ግን በመንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ የላቸውም።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ በክረምትና በመስከረም ወደ ጉማራ፥ ወደ ርብ፥ ወደ መገጭና ወደ ድርማ ይወጣሉ። ትልቁ ወንዝ በጎርፍ የደፈረሰ ስለ ሆነ በእርሱ አይቆዩም፤ ውኃው ጥሩና ፈጣን፥ ታቹም ጠጠር ወደ ሆነ ትንሽ ገባር ይገባሉ። ጠጠሩ እንቁላሉን ይሸሽገዋል፤ የሚሮጠውም ውኃ አየር ያመጣለታል። ጭቃ ከወረደበት ግን እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። በፈረንጅ አገር ትራውት የተባለው ዓሣ የሚያደርገውም ይህንኑ ይመስላል።

እኛም በመስከረም ወር አንድ ቅዳሜ 24 ተማሪዎችና 2 አስተማሪዎች ሆነን ከንጋት በፊት ተነሣን። ከመኪናው ወርደን ብዙ በእግር ከተጓዝን በኋላ ከአንድ ገባር ዳር ደረስን። መምህራችን ጥላችን በውኃው ላይ እንዳይወድቅ ቁጭ በሉ አሉን። ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አልታየም። ኋላ ግን ከጉልበት በማያልፍ ውኃ ውስጥ አንዲት ትልቅ ዓሣ ጀርባዋን ከውኃው በላይ አውጥታ መጣች፤ ሦስት ተባዕት ከግራና ከቀኝ አጅበዋት ነበር። ሁሉም በአንድነት ሲንቀጠቀጡ ጠጠሩ ተናወጠ። ከመካከላችን የተናገረ ሰው አልነበረም።

ጥቂት ወረድ ብለን ስንመለስ ሁለት ሰዎች ጅረቱ ከወንዙ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ መረብ ዘርግተው አገኘን። ከያዙአቸውም ዓሦች ብዙዎቹ ሆዳቸው በእንቁላል የተሞላ ነበር። መምህራችን በትሕትና ቢጠይቋቸው፥ «የኔታ፥ የልጆቼ ደብተር የሚገዛው በዚህ ነው» ብለው አንደኛው መለሱ።

ወላጆች ሆይ፥ ይህ መልስ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ሒሳቡን እንመልከት። የወይጦ ሰዎች በደንገል ታንኳ ሲያጠምዱ ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ሐይቁም አልጎደለም። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባሉት 10 ዓመታት ሊቃውንት እየመዘኑ ሲያነጻጽሩ ነጭ ዓሣ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ነጭ ዓሣ እንደ ቆሮሶ ቶሎ አይደርስም፤ ለመውለድም በአንድ ጠባብ በር ያልፋል። በሩ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የዘንድሮውን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የሚመጡትን ዓመታት ዓሣ ጭምር ይወስዳል። ብርብራ ወቅጦ በውኃ የሚበትንም ትልቁን ከትንሹ ሳይለይ ይፈጃል።

በኦሪት ዘዳግም ወፍ በጎጆዋ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ፥ ነገር ግን እናቲቱን እንዲለቅ ታዟል። ሕጉ አትብላ አላለም፤ እናቲቱን ተዋት ነው ያለው። ለዓሣም የሚበቃው ይኸው ነው። በአገራችንም በ1995 ዓ.ም. ስለ ዓሣ ሀብት አዋጅ ወጥቷል፤ ነገር ግን አዋጅ በወንዝ ዳር ቆሞ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሰው ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፥ ዓሣ በሚወጣባቸው ወራት በወንዝ አፍና በገባር መገናኛ መረብ አይዘርጋ፤ በሐይቁ ውስጥ ቆሮሶና አምባዛ ይጠመድ። ሁለተኛ፥ ብርብራ በውኃ አይበተን። ሦስተኛ፥ እስከ ወንዙ አፋፍ አይታረስ፤ ዳርቻው ሣርና ዛፍ ይኑረው። አጥማጁ ወንድማችን በእነዚያ ወራት የሚያጣውን ገቢ የሚተካበት መንገድ እንዲያገኝም የቀበሌው ሁሉ አሳብ ይሁን፤ ይህ ካልሆነ ምክራችን ለተራበ ሰው ንግግር ብቻ ይሆናል።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ከመካከላችን ብዙዎች የገበሬና የአጥማጅ ልጆች ነን። ያየነውን በየቤታችን እንናገር።