በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ቤት የሚገዛ ሰውና ደላላው

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ደንበጫንና ፍኖተ ሰላምን አልፎ ቡሬ ሲደርስ፣ አንዱ ቅርንጫፉ ወደ ነቀምት ይገነጠላል። በእነዚህ ከተሞች ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ ጉዳዩን የሚጀምረው ከማዘጋጃ ቤት ሳይሆን ከደላላ ነው። ደላላው ቢሮ አያሻውም፤ የሻይ ቤት በረንዳ ይበቃዋል። ማን ለመዛወር፣ ማን ውርስ ለመካፈል፣ ማንስ ዕዳ ለመክፈል ቤቱን እንደሚሸጥ ያውቃል። ይህ ዕውቀት ዋጋ አለውና ደላላን ሁሉ በጅምላ አጭበርባሪ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደላላን የተረጎመው ተዋዋዮችን ፈልጎ የሚያገናኝ ባለሙያ አድርጎ ነበር። ማገናኘት አለ እንጂ ማረጋገጥ አላለም። የገዢው መከራ የሚጀምረው ሁለቱን ሲያደባልቅ ነው።

ደላላው የሚከፈለው ውል ሲያዝ ነው፤ ሽያጩ ከቀረ ድካሙ ከንቱ ነው። ብዙ ጊዜም ከሻጭም ከገዢም ይቀበላል። ስለዚህ «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፤ ዛሬውኑ ቀብድ ጣል» ሲል የሚናገረው የራሱ ጥቅም መሆኑን ገዢው ሊዘነጋ አይገባውም። ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካልፈጸመ ገንዘቡን ያጣል፤ የተቀበለው ካልፈጸመ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። እንግዲህ ማኅደር ሳያዩ ቀብድ መስጠት፣ ያውም በደላላው እጅ፣ ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ መለየቱ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ ደንግጓል። የሚሸጠው ቤቱ ነው። በመሐል ከተማ ይህ ብዙ ችግር አያመጣም፤ በከተማው ዳርቻ ግን ያመጣል። ቡሬ ላይ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩና የዘይት ፋብሪካው በ2013 ዓ.ም. ከተመረቁ ወዲህ የዳርቻውን መሬት በተስፋ የሚመለከት ሰው ጥቂት አይደለም።

አንድ መምህር በዕቁብ ያጠራቀመውን ይዞ ደላላ ዘንድ ሄደ እንበል። ደላላው ከባሕር ዛፉ ጥግ ቆርቆሮ የለበሰ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ያሳየዋል። ዋጋው ከመሐል ከተማው እጅግ ያነሰ ነው። ወረቀት ሲጠየቅ የሚወጣው የገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር ነው፤ ውሉም «ስጦታ» ወይም «የረዥም ዘመን ኪራይ» ተብሎ ይጻፋል። ሽማግሎች ይፈርማሉ፣ ጠላ ይቀዳል፣ ደላላው ድርሻውን ተቀብሎ ይሄዳል። የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ግን ውርስን፣ ስጦታንና ኪራይን በገደብ ሲፈቅድ ሽያጭን ይከለክላል፤ ሽያጭም ስሙ ስለተለወጠ ስጦታ አይሆንም። ከተማው ሰፍቶ መሬቱ ለልማት ሲፈለግ ለካሳ የሚጠራው ስሙ በደብተሩ የሰፈረው ገበሬ ነው። መምህሩ ግን የጨረቃ ቤት ባለቤት ሆኖ አፍራሽ ግብረ ኃይል ይጠብቃል። ገበሬውንም ቢሆን ብቻውን መውቀስ አይገባም፤ የልጆቹን እርሻ በጥቂት ብር የለቀቀ እሱም ተጎጂ ነው።

ሕጋዊ ቤት ሲገኝም ሥራው አላለቀም። ገዢው ራሱ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ቤቱ በባንክ ዕዳ ተይዞ ወይም በፍርድ ቤት ታግዶ እንደሆነ ከማኅደሩ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ቤቱ የባልና ሚስት ከሆነ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የአንዱ ፊርማ ብቻ የኋላ ክስ ይጠራል። ሻጩ በወኪል ከቀረበ የውክልናውን ቃል ማንበብ ይገባል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያሻልና «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ወረቀት አይበቃም።

የሽማግሎች ፊት ውልም ክብር ያለው ልማድ ቢሆንም ብቻውን አያድንም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448፣ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ከመሆኑም ሌላ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት ሊደረግ እንደሚገባ ወስኗል። በዚያም ፊት ቢሆን ደላላው «ግብር እንዳይበዛ ዋጋውን አሳንሱት» ማለቱ አይቀርም። ውሉ የፈረሰ ዕለት ገዢው ለማስመለስ የሚቀለው የተጻፈውን እንጂ በጓዳ የቆጠረውን አይደለም።

ጎረቤትን መጠየቅም መልካም ነው፤ በወራሾች መካከል ክርክር ካለ ከማኅደሩ ይልቅ የዕድሩ ዳኛ ቀድሞ ይሰማዋል። የድለላውን ዋጋ በተመለከተ ደግሞ መጠኑን አስቀድሞ በጽሑፍ መነጋገር፣ ክፍያውንም ስሙ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ እስኪዛወር ማቆየት ይገባል። በዚህ የሚስማማ ደላላ በፍኖተ ሰላምም በቡሬም ተፈልጎ አይታጣም።