መኪና ሲገዛ ከግብር ምን ይቀነሳል? የእርጅና ቅናሽና የውል ዋጋ



አዲስም ሆነ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ከግብሩ ላይ ምን ሊያስቀንስ ይችላል? በአሜሪካ ደመወዝተኛ እንኳ ለመኪናው የከፈለውን የሽያጭ ታክስ፣ የተወሰኑ ሁኔታዎችን ካሟላ፣ ከገቢው ላይ ሊያስቀንስ ይችላል። በእኛ አገር የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ተቀጣሪው ደመወዙን ለማግኘት ያወጣው ወጪ ተቀናሽ እንዲሆን አይፈቅድም። እዚህ የተቀመጥን መምህራን ወደ ሥራ የምንመላለስበትን መኪና ብንገዛ ከደመወዝ ግብራችን አንድ ሳንቲም አይጎድልም።

ግዢው ላይ የሚገኘው ቅናሽ ሳይሆን የታክስ ድርብርብ ነው። የጉምሩክ ቀረጥ ይቀድማል፤ ኤክሳይዝ በእርሱ ላይ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ በሁለቱ ላይ፣ ሱር ታክስ ደግሞ በሁሉም ላይ ይሰላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአዲስ ትንሽ መኪና ላይ የነበረውን 30 በመቶ ወደ 5 በመቶ ሲያወርድ፣ በአሮጌዎቹ ላይ እስከ 500 በመቶ አደረሰው። ለስሌት እንዲመቸን ቀረጡን 30 በመቶ እንበለው። ወደብ ሲደርስ 1,000,000 ብር የሚያወጣ አዲስ ትንሽ መኪና አራቱ ሲከፈሉለት 1,726,725 ብር ይሆናል። 200,000 ብር ብቻ የሚያወጣ አሮጌ መኪና ከፍተኛው ኤክሳይዝ ቢጣልበት 1,973,400 ብር ይደርሳል። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው አልወርድ ያለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ተቀናሽ የሚባለው ነገር የሚመጣው ከግዢው በኋላ፣ ያውም መኪናውን ለንግድ ሥራ ለሚያውልና የሂሳብ መዝገብ ለሚይዝ ሰው ብቻ ነው። ከኮልፌ አጠና ተራ እንጨት የሚያመላልስ አይሱዙ ያለው ድርጅት የመኪናውን ዋጋ በአንድ ጊዜ ወጪ አያደርግም፤ በእርጅና ቅናሽ በየዓመቱ ይቀንሰዋል። በደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት መኪና ‹‹ሌሎች ንብረቶች›› ከሚባሉት ስለሚመደብ፣ በቀጥተኛው ዘዴ ከግዢ ዋጋው 15 በመቶ፣ በሌላው ዘዴ ደግሞ በመዝገብ ከቀረው ዋጋ 20 በመቶ ይቀነስለታል። አዲስና ያገለገለ መኪና በጉምሩክ በር ላይ የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቁም በዚህ መዝገብ ላይ እኩል ናቸው። ጎረቤቱ ያለው የሚኒባስ ባለቤት ግን ግብሩ በቁርጥ ከተወሰነለት ይህ ሁሉ አይመለከተውም።

የቅናሹ መነሻ በሰነድ የተረጋገጠው የግዢ ዋጋ ነው። ብዙ ገዢዎች የሚጎዱትም እዚህ ላይ ነው። አንድ ድርጅት ያገለገለ መኪና በ1,800,000 ብር ገዛ እንበል። ሻጩ ‹‹ውሉ ላይ 800,000 እናድርገው፤ ለሁለታችንም ይሻላል›› ይለዋል። ውል አስመዝጋቢው ክፍል የራሱን ግምት ካላወጣ፣ 2 በመቶ የሆነው የቴምብር ቀረጥ ከ36,000 ወደ 16,000 ብር ይወርዳል። ገዢው 20,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ሕገወጥነቱን ለጊዜው ትተን ሂሳቡን ብቻ እንመልከት። በ15 በመቶ የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ 270,000 ብር መሆን ሲገባው 120,000 ይሆናል። በቀረችው 150,000 ብር ላይ ድርጅቱ 30 በመቶ፣ ማለትም 45,000 ብር ተጨማሪ ግብር ይከፍላል፤ ያውም በመጀመሪያው ሙሉ ዓመት ብቻ። ከውሉ የተሰወረው አንድ ሚሊዮን ብር በጠቅላላው 300,000 ብር የግብር ቅናሽ ያሳጣዋል።

ሻጩ ለምን ይገፋፋል? መኪናው የንግድ ንብረቱ ከሆነ፣ ከመዝገብ ዋጋው በላይ የሸጠበት ልዩነት እንደ ንግድ ገቢ ግብር ይከፈልበታል። አሮጌ መኪና ከተገዛበት በላይ በሚሸጥበት አገር ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ስለዚህ በውሉ ላይ ዋጋ ሲቀነስ የሻጩን ግብር ገዢው ይሸከምለታል፤ ደላላው ግን ይህን አይነግረውም። ያው ገዢ ነገ መኪናውን በእውነተኛው ዋጋ ልሽጥ ቢል ደግሞ ያላገኘውን ትርፍ አግኝተሃል ይባላል።

ሕጉንም ሳልነቅፍ አላልፍም። ቅናሹ የሚሰላው በተገዛበት ዘመን ዋጋ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት የተገዛ መኪና ዛሬም በዚያው ብር ይቀነሳል፤ የሚተካው መኪና ግን በአዲሱ ምንዛሪ ይገዛል። በወረቀት የታየው ትርፍ ከፊሉ የመኪናው ማለቂያ ነው፤ ግብር ግን ይከፈልበታል። የኤሌክትሪክ መኪኖችም በ2014 ዓ.ም. ውሳኔ ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ሆነው ሲገቡ፣ በእርጅና ቅናሹ ግን ከናፍጣው መኪና ጋር በአንድ ምድብ ቀሩ። ደንቡ ለኮምፒውተር በቀጥተኛው ዘዴ 20 በመቶ ለይቶ ሰጥቷል። ከመኪናው ዋጋ ትልቅ ድርሻ የሚይዘው ባትሪ ለየትኛው ይቀርባል? ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ከዚህ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።