ንድፍ የሕክምናው አካል ነው



ዋና መሥሪያ ቤቱ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ኤምዲኤምኤን ከሥነ ልቦና ሕክምና ጋር ለመስጠት የቀረበለትን ማመልከቻ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ሳያጸድቅ ቀርቷል። አስቀድሞ ከ11 አማካሪዎች 9ኙ ውጤታማነቱ አልተረጋገጠም ብለው ነበር። አንዱ ችግር የጥናቱ ንድፍ ነው፤ የወሰዱት መድኃኒቱን ይሁን አምሳያውን ብዙዎቹ ተሳታፊዎች በትክክል ገምተዋል።

ስለዚህ ሳይኬደሊክ ሕክምናን የሚማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጥናቱን፣ የሕክምና ክፍሉንና የፈቃድ ቅጹን ራሱ ይንደፍ። መድኃኒቱ ለሰዓታት ንቃተ ኅሊናን ይለውጣል፤ እንግዲህ የአሌክሳንድርያዋ አማርኛ ተናጋሪ እናት የምትፈቅደውንና የማትፈቅደውን አስቀድማ በቋንቋዋ ካልተረዳች፣ ፊርማዋ ፈቃድ አይባልም። ምክር ቤቶች ለምርምር በጀት ሲመድቡ ለዚህ ትምህርትም ድርሻ ይስጡ።