«ዲጄ ደግሞ ሥራ ነው ወይ?»

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከአባሎቻችን አንዷ ያቀረቡት ንግግር፣ ወላይታ ሶዶ)

 

ባለፈው ወር የብድር ኮሚቴው ማመልከቻ ሲያነብ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አንዷ ለቅቤ ንግድ፣ አንዷ ለዶሮ፣ ሌላዋ ለልብስ ስፌት መኪና ጠየቀች፤ ሁሉም አለፈ። የልጄ ተራ ሲደርስ «ለዲጄ ዕቃ መግዣ» የሚል ተነበበ። ከኋላ በኩል አንዲት እናት «ዲጄ ደግሞ ሥራ ነው ወይ?» አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እውነቱን ልናገርና እኔም ሳቅሁ። የሳቅሁት አፍሬ ነው። ልጄ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ስስቅ አየችኝ። ያን ዕለት ማታ ራት አልበላችም።

ሊቀመንበራችን «አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ አጣርተሽ መልሱን አምጪልን» ስላሉኝ ይኸው ቆሜያለሁ። ልጄ ስለሆነች ላደላ እችላለሁ፤ ያንን ቀንሳችሁ ስሙኝ።

በመጀመሪያ የምትሠራውን ልንገራችሁ፤ እኔም እስከ ዘንድሮ በደንብ አላውቀውም ነበር። ለኔ ዲጄ ማለት ሞንታርቦ አጠገብ ቆሞ ዘፈን የሚቀያይር ልጅ ነበር። በሶዶም፣ በአረካም፣ በቦዲቲም ባየኋቸው ሠርጎች ዲጄው አንድ ፍላሽ በኪሱ ይዞ ይመጣል፤ ፍላሹ ላይ ያለው የአዲስ አበባና የናይጄሪያ ዘፈን ነው። የወላይታ ዘፈን ሲጠየቅ «ቆይ፣ መጨረሻ ላይ» ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ አያቶቹ ነጠላቸውን ሰብስበው ሄደዋል።

ልጄ ይህን ገለበጠችው። ራት እንደተነሣ፣ ሽማግሌዎቹ ገና ወንበራቸው ላይ ሳሉ፣ የሂፕ ሆፕ ምት ትለቃለች። ወጣቶቹ ይነሣሉ። ትንሽ ቆይታ ከሥር የኛን ከበሮ ታስገባለች፤ መጀመሪያ የሚሰማ አይመስልም፣ ቀስ እያለ ይጎላል። ከዚያ የጊፋታው «ሃያያ ሌኬ» ይመጣል። ጂንስ የለበሰው ልጅና የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ በአንድ ምት ወገባቸውን ሲያንቀሳቅሱ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ የሙሽራ አጎት «ልጄ፣ እኛን አስቀድመሽ ጠራሽን» ብለው እጇን ሳሙ። ያን ቀን ነው ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የጠረጠርኩት።

«ይህን ከማን ተማርሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ከአንድ ወንድምና እህት ታሪክ ነው የጀመረችልኝ፤ እኔም አንብቤ አረጋገጥኩ። ለናንተ በተለይ የእህትየዋን ታሪክ መንገር እፈልጋለሁ።

ክላይቭ ካምቤል ጃማይካ፣ ኪንግስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለደ ልጅ ነው። ቤተሰቡ በ1967 ወደ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ የሚባል የድሆች ሰፈር ገባ። አባቱ ለአንድ የሙዚቃ ቡድን የድምፅ ማጉያ ይሠሩ ስለነበር በቤቱ ትልልቅ ስፒከር ነበር። ሲንዲ የምትባል እህት አለችው። ሲንዲ ትምህርት ሊከፈት ሲል አዲስ ልብስ ፈለገች፤ ገንዘብ አልነበራትም። እኛ በጳጉሜን ለደብተርና ለዩኒፎርም እንደምንሯሯጠው ማለት ነው። ምን አደረገች? በሚኖሩበት ፎቅ ሥር ያለውን የመዝናኛ ክፍል ተከራየች፤ የጥሪ ካርድ በእጇ ጽፋ አደለች፤ መጠጥ ገዝታ አዘጋጀች፤ ወንድሟን «አንተ ዘፈኑን ትይዛለህ» አለችው። መግቢያው ለሴቶች 25 ሳንቲም፣ ለወንዶች 50 ሳንቲም ነበር። ቀኑ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1973 ነው፤ በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ሳሉ ማለት ነው። ዛሬ ዓለም ሂፕ ሆፕ የተወለደበት ቀን ብሎ የሚያከብረው ያን ቀን ነው። ቤቱም ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 ነው። ሰው ሁሉ የሚያነሣው ወንድምየውን፣ ኩል ሄርክ የተባለውን ነው። ክፍሉን የተከራየችው፣ ሒሳቡን የያዘችው ግን ሲንዲ ነበረች። እኛ የማኅበር ሴቶች ይህን ሥራ እናውቀዋለን፤ ስም ስለማይወጣለት ብቻ ሥራ አይመስለንም።

ሄርክ ያደረገው ነገር ደግሞ ይህ ነው። መጀመሪያ የአገሩን የሬጌ ዘፈን ሞከረ፤ የብሮንክስ ልጆች አልተነሡም። ስለዚህ የሰፈሩን ሰው ተመለከተ። ያን ጊዜ ሬዲዮው ወደ ዲስኮ እያዘነበለ ነበር፤ የሰፈሩ ልጅ ግን የሚወደው የጄምስ ብራውንን ዓይነት፣ ከበሮው የሚመታውን ዘፈን ነው። ሄርክ አንድ ነገር አስተዋለ፦ ጭፈራው የሚደምቀው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን ሲቀር ነው። ያ ቦታ ግን ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ዘፈን ሁለት ሸክላ አዘጋጀ፤ በአንዱ ላይ የከበሮው ቦታ ሲያልቅ በሌላው ላይ ከመነሻው ያስነሣዋል፣ እንደገና ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በዚህ ዘዴ ጥቂት ሰከንዱ ብዙ ደቂቃ ሆነ። ሌሎች ዲጄዎች የትኛውን ሸክላ እንደሚጠቀም እንዳያውቁበት የሸክላዎቹን ወረቀት በውኃ አርሶ ይልጥ ነበር። ዳጣዋ ውስጥ የምትጨምረውን ለጎረቤት የማትናገር ሴት ታውቃላችሁ አይደል? ስም አልጠራም፤ እዚሁ ተቀምጣለች።

ልጄ «እማዬ፣ እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ሸክላው ብቻ ላፕቶፕ ሆነ» አለችኝ።

ታሪኩ ግን በድል አያልቅም፤ ብድር የምትሰጡ ሰዎች ስለሆናችሁ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ከሄርክ በኋላ የመጡት ሸክላ አሳትመው ሀብታም ሲሆኑ እሱ አላሳተመም። እ.ኤ.አ. በ1977 በአንድ ጭፈራ ቤት በጩቤ ተወጋ፤ ከዚያ ሥራው ቀዘቀዘ። በ2011 ሲታመም የጤና መድን ስላልነበረው ለሕክምናው ወዳጆቹ ገንዘብ አሰባሰቡለት። በ2023 የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ስሙን አስገባ፤ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ። ይህን ሳነብ ወዲያው የመጣብኝ ዕድራችን ነው። ክብር ሲዘገይ ሰውን የሚያኖረው ቁጠባና ውል ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የኛን ሙዚቃ ቀድመው የፈለጉት የውጭ ዲጄዎችና አቀናባሪዎች መሆናቸው ያስገርማል። ኦ ኖ የሚባል የካሊፎርኒያ የሂፕ ሆፕ አቀናባሪ እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ሙሉ አልበም ከድሮ የኢትዮጵያ ሸክላዎች ቆርጦ ሠርቷል። በዓመቱ ናስና ዴሚያን ማርሊ የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ለራፕ ዘፈናቸው መነሻ አደረጉት። እኛ ጓዳ ያስቀመጥነውን ሌላው ሳሎን አወጣው። በኋላ የራሳችን ልጆች ተነሡ። ራፐሩ ቴዲ ዮ የጉራጌን ምት ወስዶ «ጉራጌቶን» አለው፤ ጉራጌ ያልሆነውም ጨፈረ። ዲጄና አቀናባሪ የሆነው ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» የሚለውን አልበም አወጣ፤ በኮምፒዩተር የሚሠራውን የዘመኑን ምት ከአገር ቤት ድምፅ ጋር አጋባ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኒቨርሳል ሙዚቃ ከሚባለው ትልቅ ኩባንያ ጋር ተፈራረመ። ሂፕ ሆፕ ነው ወይ ብትሉኝ ልጄ «አይደለም፣ ሌላ ነው» ትላለች፤ ልዩነቱን ልታስረዳኝ ሞክራ እኔ ነኝ ያልገባኝ። ዲጄ ከማጫወት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ለማየት ግን ይበቃል።

አሁን ስለ እኛ። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ስማር አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። መንገድ ላይ ጫማ የሚጠርግ ልጅ በቋንቋችን እያንጎራጎረ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው «ወላይታ!» ብሎ ሳቀ፤ ስድብ አድርጎት ነው። ልጁ ዝም አለ። እኔም የገባኝ ሳልመስል በመስኮት አየሁ። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ከናንተ መካከል ልጇን አዲስ አበባ ለቤት ሠራተኝነት የላከች እናት ይህን ከኔ በላይ ታውቀዋለች።

በ1992 ዓ.ም. «ዎጋጎዳ» የተባለው፣ አራት ቋንቋ የደባለቀ መጽሐፍ ትምህርት ቤት ሲገባ ይህች ከተማ ምን እንደሆነች ታስታውሳላችሁ። ተማሪ ወጣ፣ መምህራን ተዛወሩ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፉም ተሰበሰበ። በቋንቋዋ የመጣ ነገር ያን ያህል ያስከፈላት ከተማ፣ በሠርጓ ላይ የቋንቋዋን ዘፈን «መጨረሻ ላይ» ስትባል ዝም ማለቷ ይገርመኛል። ልጄ ወደ ሐዋሳና ወደ አዲስ አበባ ለሠርግ ተጠርታ ስትሄድ መጀመሪያ ላይ የምታስገባው የኛን ነው። ባለፈው አንዲት ለቤት ሥራ የሄደች ልጅ የሠርጉ ወጥ ቤት ውስጥ ሰምታ እጇን ሳትታጠብ ወጥታ ጨፈረች አለችኝ።

አሁን የሚከብደው ላይ ደረስኩ። ልጄ የምታጫውተው ድምፅ ከየት መጣ? ካቻምና በጊፋታ ሦስት እናቶቻችን ሲዘፍኑ በስልኳ ቀዳች። ሦስቱም የዚህ ማኅበር አባላት ናቸው፤ ዛሬም መጥተዋል። አንደኛዋ ሐዋሳ ዘመድ ሠርግ ሄደው የራሳቸውን ድምፅ ከሞንታርቦ ሰሙ። ቤቴ መጥተው «ድምፄን ሸጠሽው?» አሏት። ልጄ አለቀሰች። እኔ መጀመሪያ «ዘፈኑ የሁላችን ነው፣ ምን ያጣላል?» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ዘፈኑ የሁላችን ነው፤ ጉሮሮው ግን የእሳቸው ነው። የአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ዘፋኙን «ከዋኝ» ብሎ መብት ይሰጠዋል፤ ያለፈቃዱ ድምፁ አይቀዳም። ስለዚህ ተቀምጠን ተነጋገርን፤ እሳቸውም ቡናዬን ጠጡ። የተስማማነው፣ ድምፃቸው በሚጫወትበት ሠርግ ሁሉ ከክፍያው ከአሥር አንዱ ለሦስቱ ይከፈላል። በወረቀት ጽፈናል፤ ግልባጩ ለጸሐፊያችን ተሰጥቷል።

ሌላው የሌሊቱ ነገር ነው። «ሴት ልጅ ሌሊት ከሠርግ ቤት እንዴት ትመለሳለች?» ብላችሁ እንደምታስቡ አውቃለሁ፤ እኔም እንቅልፍ አጥቼበታለሁ። አሁን ታናሽ ወንድሟ ሽቦውንና ስፒከሩን እየያዘ አብሯት ይሄዳል፤ ባጃጁ የምናውቀው ሰው ነው፤ ከስድስት ሰዓት በላይ አትቆይም። ክፍያም ግማሹን ሳትቀበል ዕቃ አትጭንም። ይህን ደንብ ያወጣችው አንድ ባለሠርግ ሌሊቱን ሙሉ አሠርቶ «የተከራየሽው ዕቃ ይጮኻል» ብሎ ሳይከፍል ከሸኛት በኋላ ነው። የዕቃውን ኪራይ ከኪሷ ከፈለች።

ብድሩ የተጠየቀውም ለዚህ ነው። ባለፉት ስድስት ወራት አሥራ አራት ሠርግ ሠርታለች፤ ደብተሯን ለኮሚቴው አምጥቻለሁ። ከምታገኘው ግማሽ ያህሉ ለዕቃ ኪራይ ይሄዳል። የምትገዛው አንድ ማደባለቂያ፣ ሁለት ስፒከርና ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። በአሥር ወር ትመልሳለች፤ ጾም ሲገባ ሠርግ ስለሚጠፋ ለእነዚያ ወራት ትንሽ እንድትከፍል ጠይቃለች። እዚህ ላይ እናንተ ትወስናላችሁ።

ባለፈው ዋስ ማነው ሲባል ዝም ብዬ ነበር። ዋሷ እኔ ነኝ፤ ደመወዜም፣ በማኅበሩ ያለኝ ቁጠባም ይያዝ። የእናት ድምፅ በልጅ ጉዳይ ላይ ስለማይቆጠር አሁን ወደ ውጭ እወጣለሁ። ልጄም ውጭ ናት። እጃችሁን አውጥታችሁ ስትጨርሱ ጥሩን።